የጣሂራ የሐሙስ ሒሳብ

ጣሂራ ጁባ ውስጥ ሁለት ሥራ ነበራት። ጠዋት ሀይ ጀላባ በሚባለው ሰፈር ከባሏ ከሙደሲር ጋር ሱቅ ትውላለች፤ ዘይት፣ ማካሮኒ፣ ስኳርና ሳሙና በጅምላ ይሸጣሉ። አስር ሰዓት ሲሆን ደግሞ ፊቷን ታጥባ፣ ሻሿን አስተካክላ፣ ከሱቁ ብዙም ወደማይርቅ አንድ የግል ትምህርት ቤት ትሄድና ሥራ ውለው ለሚመጡ ትልልቅ ሰዎች ሒሳብ ታስተምራለች። ደሴ እያለች ሥራዋ ማስተማር ብቻ ነበር። ሙደሲር ወደ ደቡብ ሱዳን መጥቶ ሱቁን ሲከፍት «ለአንድ ዓመት እርጂኝ» አላት። ልጃቸውን ኢፍራህን ለአያቷ ትታ መጣች። ዓመቱ አለቀ፤ ሌላ ዓመት ተከተለው፤ ከዚያ በኋላ ነገሩን የሚያነሳውም ጠፋ።

ሰውነቷ ዝሎ ነበር። በሽታ አይደለም፤ ሐኪም ዘንድ ሄዳ ምንም አላገኙባትም። «ጁባ ና ባሪ» በሚባል ሰፈር የተከራዩት ቤት ጣሪያው ዝቅ ያለ ቆርቆሮ ስለሆነ ቀን የጠጣውን ሙቀት ሲተፋ ያድራል። ውሃ የሚያመጣው ቦቴ ሲፈልግ ይመጣል፣ ሲፈልግ ይቀራል። እግሯ እያበጠ፣ ወገቧ እየተቆረጠ ቆማ ትውላለች። ከዚህ ሁሉ የሚብሰው ግን የተቀመጠችበት ቦታ ቤቷ ይሁን መንገድ ላይ ያለ ማረፊያ አለመታወቁ ነበር። መጋረጃ ለመግዛት እንኳ ታመነታለች፤ ልንሄድ ነው ብላ ትተወዋለች፤ አይሄዱም።

ክፍሏ የተደባለቀ ነበር። ዩኒፎርሙን ሳይቀይር የሚመጣ ማቢዮር የሚባል ፖሊስ አለ። ነርሶች አሉ፣ ኮኞ ኮኞ ገበያ ሲሸጡ የሚውሉ እናቶች አሉ። ሁሉም በጦርነትና በስደት ትምህርታቸው የተቋረጠባቸው ናቸው። በአረብኛ «ኡስታዛ»፣ መምህርት፣ ይሏታል። በአማርኛ እያናገረች «ቲቸር» የምትላት አንዲት ሴት ብቻ ናት፤ ኛማል ትባላለች። ኛማል ኑዌር ናት። ወላጆቿ ሸሽተው ጋምቤላ በነበሩበት ዘመን ተወልዳ፣ አዲስ አበባ አክስቷ ቤት አድጋ፣ አገሯ ነፃ ስትወጣ ከታላቅ ወንድሟ ጋር ወደ ጁባ ተመለሰች። አማራት በሚባል የጁባ ሰፈር ባለ አንድ ሆቴል እንግዳ ተቀባይ ሆና ትሠራለች። የሁለተኛ ደረጃ ሰርተፊኬቷን ይዛ ዩኒቨርሲቲ መግባት ነው ሐሳቧ። አማርኛዋ ጥርት ያለ የአዲስ አበባ ልጅ አማርኛ ስለሆነ ጣሂራ ድምፅዋን ስትሰማ ለአፍታ አገሯ ያለች ይመስላታል።

በፈረንጆቹ 2013፣ ዲሴምበር ሁለተኛው ሳምንት ላይ፣ ክፍሉ የስኩዌር ሩት ፈንክሽን ግራፍ ላይ ደርሶ ነበር። ጣሂራ ሰሌዳው ላይ ሠንጠረዥ አሰመረች።

«ለኤክስ ዜሮ፣ አንድ፣ አራትና ዘጠኝን ስጡት» አለች።

«ሁለትና ሦስትን ለምን ዘለልናቸው?» አለ ማቢዮር።

«ስኩዌር ሩታቸው ሙሉ ቁጥር አይሆንም። እነሱንም ማስገባት ይቻላል፤ ግን ሥራ ውሎ ለመጣ ሰው እነዚህ ይበቃሉ።»

ሳቁላት። ዋዩ ዜሮ፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ወጣ። ነጥቦቹን አስቀመጡ። ማቢዮር ማስመሪያ አውጥቶ ነጥብን ከነጥብ በቀጥታ መስመር ማያያዝ ሲጀምር ጣሂራ በትከሻው በኩል አየችውና «ተወው ማስመሪያውን፤ በእጅህ ሳበው» አለችው። «መጀመሪያ ላይ ቶሎ ነው የሚነሳው። ከዚያ አነሳሱ እየቀነሰ፣ እየቀነሰ ይሄዳል። ግን አይቆምም፣ ተመልሶም አይወርድም። ከአራት እስከ ዘጠኝ ይሄን ሁሉ መንገድ ሄዶ ከፍ ያለው በአንድ ብቻ ነው፣ አየህ?»

ኛማል እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ ማይነስ ሁለትም በራሱ ሲባዛ አራት ነው አይደል? ታዲያ ከታች በኩልም ለምን አይኖረውም?»

ጣሂራ ይህን ጥያቄ ትወደዋለች። ሌሎቹ የተነገራቸውን ሲገለብጡ ይህቺ ልጅ ሁልጊዜ የጎደለው የቱ ጋ እንደሆነ ታያለች። «ቢኖረው ለአንድ ኤክስ ሁለት ዋይ ይሆንና ፈንክሽንነቱ ይቀራል። ምልክቱን ብቻውን ስንጽፍ ፖዘቲቩን ብቻ ማለታችን ነው። የታችኛውን ከፈለግሽ ማይነሱን ከፊቱ ራስሽ ትጽፊያለሽ።»

«በግራ በኩልስ?»

«በግራ ምንም የለም። በራሱ ተባዝቶ ነጌቲቭ የሚመጣ ቁጥር እኛ በምንሠራባቸው ቁጥሮች ውስጥ የለም። ስለዚህ ከዜሮ ይጀምራል።»

ከዚያ ሩቱ ውስጥ ኤክስ ሲደመር አራት ጻፈች። «ይሄኛውስ ከየት ይጀምራል?» ብላ ዞር ስትል ጄኔሬተሩ ነዳጅ ጨርሶ ጠፋ። ክፍሉ ጨለምለም አለ። አርብ ስለነበር ማንም የመቆየት ፍላጎት አልነበረውም። «ሰኞ እንጨርሰዋለን፤ እስከዚያ አስቡበት» አለችና እጇ ላይ ያለውን ጠመኔ በቀሚሷ ጠረገች።

እሑድ ምሽት ተኩስ ተጀመረ።

ሙደሲርና ጣሂራ ፍራሹን ከመስኮት አርቀው መሬት ላይ ተኙ። ሰኞም ማክሰኞም ከቤት አልወጡም። ከባዱ መሣሪያ ሲያጓራ የቆርቆሮው ጣሪያ ይርገበገባል፤ ሲቆም ደግሞ ዝምታው ከድምፁ ይበልጥ ያስፈራል። ተኩሱ ጋብ ሲል ሙደሲር ሱቁን ሊያይ ሄደ። ሲመለስ ፊቱ አመድ መስሏል። ሱቁ አልተነካም፤ መንገድ ላይ ያየውን ግን ሊነግራት አልፈለገም፤ እሷም አልጠየቀችውም። ጠቡ በዲንቃና በኑዌር ወታደሮች መካከል ጀምሮ ወደ ሰፈር እንደወረደ፣ ኑዌር የሆነ ሁሉ አውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ ወዳለው የተባበሩት መንግሥታት ግቢ እየሸሸ እንደሆነ ከጎረቤት ሰሙ። ጣሂራ የኛማልን ስልክ ደጋግማ ደወለች። ዝግ ነው።

«ልብስሽን ሰብስቢ» አላት ሙደሲር። «አውሮፕላን አለ። አንቺ ሂጂ፣ እኔ ሱቁን ጥዬ አልሄድም።»

ለመከራከር አቅም አልነበራትም። አውሮፕላን ማረፊያው ውስጥ ሰው ሻንጣው ላይ ተቀምጦ፣ ሕፃን አቅፎ፣ ፀሐይ ላይ ውሏል። ከአጥሩ ወዲያ ደግሞ ሌላ ሰው፣ ሻንጣ የሌለው፣ ወደ ግቢው እየጎረፈ ነው። ተሳፋሪዎቹም ሸሺዎቹም በአንድ መንገድ አቧራ ውስጥ ተላለፉ። ጣሂራ ኛማልን ታይ እንደሆን ዓይኗን ብታማትር አላገኘቻትም። ተጠራች፤ ተሳፈረች።

ደሴ እንደደረሰች ተኛች። እናቷ «ይቺ ልጅ ታማለች» እስክትል ድረስ ተኛች። ኢፍራህ ቁመቷ ጨምሮ፣ ጥርሷ ተቀይሮ፣ እንደ እንግዳ ታፍራት ነበር። ቀስ በቀስ እየተጠጋቻት መጣች፤ ፀጉሯን እንድትሠራላት ትቀመጥላት ጀመር። ልጅቷ ልትለምዳት ስትል ከጁባ ተደወለ። ሙደሲር ታይፎይድ ይዞት ሱቁ ውስጥ ካርቶን ላይ ተኝቶ ነው የተገኘው፤ አጠገቡ ማንም የለም። ጣሂራ ዕቃዋን ስታስገባ ኢፍራህ በሩ ላይ ቆማ «ደግሞ ልትሄጂ ነው?» አለቻት። አቅፋ ሳመቻት።

ማርች ላይ ጁባ ገባች። ባሏን አስታመመች፤ ሙደሲር ቆሞ መሄድ ሲጀምር ትምህርት ቤቱም ተከፈተ። ክፍሉ ውስጥ ግማሹ ወንበር ባዶ ነው። ማቢዮር አለ፤ ከስቷል፤ ከፊት መቀመጥ ትቶ ከኋላ ተቀምጧል። ስለጎደሉት ማንም ትንፍሽ አይልም። ጣሂራ ርዕሰ መምህሩን ለብቻው አግኝታ «ኛማል የት ደረሰች?» ብትለው ወደ በሩ አየና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ኡስታዛ፣ የመጣውን አስተምሪ» አላት። አስተማረች። ሩቱ ውስጥ ኤክስ ሲደመር አራት ብላ ጻፈች፤ መነሻው ማይነስ አራት ላይ እንደሆነ አሳየች፤ ተማሪዎቹ ገለበጡ። ጥያቄ የጠየቀ አልነበረም። ከክፍሉ ስትወጣ ግቢው ውስጥ ያለ ድንጋይ ላይ ቁጭ አለችና ጥበቃው «ኢታ ኬፍ ኡስታዛ?» ብሎ ደህንነቷን እስኪጠይቃት ድረስ አልተነሳችም።

አንድ ቀን ብስራት ሱቁ መጣች። ብስራት የአዲስ አበባ ልጅ ናት፤ በአንድ የእርዳታ ድርጅት የውሃ መሐንዲስ ስለሆነች በተባበሩት መንግሥታት ግቢ ውስጥ ቧንቧ ስትዘረጋና ታንከር ስትተክል ትውላለች። ዘይትና ሳሙና ከእነ ጣሂራ ነው የምትገዛው።

«አንቺ ሴትዮ፣ መልእክት አለሽ» አለቻት ገና ሳትቀመጥ። «አንዲት ልጅ ቧንቧው ጋ ቆማ በአማርኛ ‹ጣሂራ የምትባል የሒሳብ አስተማሪ ታውቂያለሽ ወይ› አለችኝ። አውቃታለሁ ስላት ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? ‹ማይነሱ ከሩቱ ውጭ ሲሆንና ከሩቱ ውስጥ ሲሆን ግራፉ የት የት እንደሚሄድ ጠይቂልኝ፣ ተማሪዎች ጠየቁኝና ተምታታብኝ› አለችኝ።»

የጣሂራ እጅ የያዘውን የሳሙና ካርቶን ለቀቀ። «ኛማል? አለች?»

«አለች። ሰው ሰብስባ ታስተምራለች። እኔ ልንገርሽ አልኳት፤ ያን ያህልማ አልረሳሁም። ‹አይ፣ እሷን ጠይቂልኝ› አለችኝ። ጥያቄው ሰበብ መሰለኝ።»

ጣሂራ ሻሿን ወደ ፊቷ ጎተተች። ከዚያ «ከውጭ ሲሆን ወደ ታች ይገለበጣል፤ ከውስጥ ሲሆን ወደ ግራ ይዞራል በያት» አለች። ትንሽ ቆይታ ደግሞ፣ «ተይው፣ እኔው እነግራታለሁ። እንዴት ነው የሚገባው?»

ሙደሲር ይህን ሲሰማ ሒሳብ መሥሪያውን አስቀመጠ። ሰውዬው ክፉ አይደለም፤ ጠንቃቃ ነው። «ወላሂ፣ አላበድሽም?» አላት። «እኛ እዚህ አገር እንግዶች ነን። ሱቃችን መንገድ ዳር ነው። ነገ አንዱ መጥቶ ‹ሚስትህ እነሱ ጋ ምን ትሠራለች› ቢለኝ ምን እላለሁ?»

«ሒሳብ ታስተምራለች በለው።»

«ያምነኛል?»

«አያምንህም።»

«ታዲያ?»

«ሙደሲር፣ አትጨቅጭቀኝ፤ ደክሞኛል። ልጅቷ አለች። ሞታለች ብዬ ነበር።»

ሙደሲር ወደ ሒሳብ መሥሪያው ተመለሰ። ብስራት በድርጅቷ በኩል ፈቃድ አስጨረሰችላት፤ ሱቁ ውስጥ ሥራ የሚቀዘቅዘው ሐሙስ ከሰዓት ስለሆነና የትምህርት ቤቱም ፕሮግራሟ ሐሙስ ባዶ ስለሆነ ሐሙስን መረጠች።

በቦዳ ቦዳ፣ በኪራይ ሞተር ብስክሌት፣ በሩ ድረስ ሄደች። ከውስጥ ድንኳኑ ከድንኳን ተደጋግፎ የቆመ ነው፤ መሐል ያለው መተላለፊያ አንድ ሰው ሲሄድበት ሌላው ዘወር ይላል። ጠዋት የጣለው ዝናብ መሬቱን አጨቅይቶታል። ኛማል ከሩቅ አየቻትና ቆመች፤ አልሮጠችም፤ አልሳቀችም። ሆቴሉ ውስጥ ትለብሰው የነበረው ነጭ ሸሚዝ አሁንም ላይዋ ላይ ነው፤ አንገቱ ተበልቷል። ጣሂራ አቀፈቻት። የልጅቷ ሰውነት እንጨት ሆኖባት ለቀቀቻት።

«ለምን ሄድሽ?» አለች ኛማል። ከዚያ በፊት «አንቺ» ብላት አታውቅም።

«ፈርቼ።»

«ለምንስ ተመለስሽ?»

«ሙደሲር ታሞ።»

ኛማል አንገቷን ነቀነቀች። ሌላ ዓይነት መልስ ብትሰጣት ኖሮ ታባርራት እንደነበር ጣሂራ ፊቷ ላይ አየች። «ወንድሜ ሰኞ ጠዋት ውሃ ሊያመጣ ወጥቶ አልተመለሰም» አለች ኛማል፣ የሰው ዜና እንደምትነግር ዓይነት። «አሁን ወደ ክፍል እንሂድ፤ እየጠበቁን ነው።»

ክፍሉ በአራት እንጨት ላይ የተወጠረ ፕላስቲክ ሸራ ነበር። ሰሌዳው ጥቁር ቀለም የተቀባ ኮምፔንሳቶ ነው። ወጣቶችም አሉ፣ ጢም ያወጡ ሰዎችም አሉ፣ ልጅ የሚያጠቡ እናቶችም አሉ። ጣሂራ ከኋላ ጀሪካን ላይ ተቀመጠች። ኛማል ሩቱ ውስጥ ኤክስ ሲደመር አራት ጻፈችና «ሲደመር አራት ነው፤ ስለዚህ ወደ ቀኝ አራት እንሄዳለን» ብላ መነሻውን ፖዘቲቭ አራት ላይ አስቀመጠች። ከዚያ ተነስታ የሚያምር ኩርባ ሳለች። ሁሉም ገለበጡ፤ ደብተር የሌለው መሬቱ ላይ በእንጨት ሳለ።

ጣሂራ ስህተቱን አየች። ያን አርብ የቀረው ትምህርት ይህ ነው። ተነስታ ብታርማት ልጅቷ ተማሪዎቿ ፊት ትወድቃለች፤ ዝም ብትል ደግሞ ይህ ሁሉ ሰው ስህተት ይዞ ይሄዳል። እጇን እንደ ተማሪ አወጣች።

«ቲቸር» አለች፤ ሰዉ ዞሮ አያት። «እኔ ሠንጠረዥ ካልሠራሁ አይገባኝም። ኤክስ ዜሮ ሲሆን ዋዩ ስንት ነው?»

ኛማል ፊቷ ቅጭም አለ። ግን ጻፈች። «ዜሮ ሲደመር አራት፣ አራት። የአራት ስኩዌር ሩት… ሁለት።»

ወደ ሥዕሏ ዞረች። ግራፏ ዜሮ ላይ ምንም አልነበረውም። ከፊት የተቀመጠች አንዲት እናት ልጇን ከጡቷ እያላቀቀች «እንግዲያ ሥዕሉ ዜሮ ላይ ሁለት ሊኖረው ይገባል» አለች በእንግሊዝኛ። ሌላው «ማይነስ አንድስ?» አለ። የሦስት ስኩዌር ሩት ሆነ፤ አለ ማለት ነው። «ማይነስ አራትስ?» ዜሮ። «ማይነስ አምስትስ?» ሩቱ ውስጥ ማይነስ አንድ ገባ፤ እዚያ ላይ ቆመ። ኛማል የሳለችውን በመዳፏ አጠፋችው። ማይነስ አራት ላይ ነጥብ አድርጋ እንደገና ሳበችው። ከዚያ ወደ ክፍሉ ዞረች።

«ውስጥ ያለው ቢያንስ ዜሮ መሆን አለበት» አለች ለተማሪዎቿ። «ኤክስ ማይነስ አራት ሲሆን ነው ዜሮ የሚሆነው። ለዚህ ነው የሚጀምረው ከዚያ። ምልክቱን አይታችሁ አትሩጡ፤ እኔ ሮጬ ነው የተሳሳትኩት።»

ከዚያ በኋላ ሐሙስ ሐሙስ ትሄድ ጀመር። ዝናቡ ሲበረታ ጭቃው ቁርጭምጭሚት ደረሰ። ሰዉ ቀስ በቀስ ጀበል በሚባለው ተራራ ሥር ወዳለው ሰፊ ግቢ ሲዛወር እነ ኛማልም ሄዱ፤ መንገዱ ከከተማው የራቀ ሆነ። ጣሂራ ቦዳ ቦዳው ላይ እያንቀላፋች ልትወድቅ የደረሰችበት ጊዜ ነበር። ኮረብታ የወጣች ያህል ተንፍሳ ጀሪካኑ ላይ ትቀመጣለች፤ ኛማል ታስተምራለች፤ አንድ ነገር ሲጠማመም ጣሂራ ትነሳለች። አንድ ሐሙስ ምሳ በልታ ጎኔን ላሳርፍ ብላ ተኝታ ስትነቃ መሽቷል። በሚቀጥለው ሳምንት ኛማልን ማየት አፈረች።

«ሰዎች ‹ተይዛ ይሆን› አሉ» አለቻት ኛማል። «እኔ ‹ተኝታ ይሆናል› አልኩ።»

«ተኝቼ ነበር።»

«ጥሩ። ከእኛ አንዱ ይተኛ።»

በዓመቱ መጨረሻ የሰርተፊኬት ፈተና ምዝገባ መጣ። ፈተናው የሚሰጠው ከተማው ውስጥ ነው። ጣሂራ ርዕሰ መምህሩ ዘንድ ገብታ የኛማልን ስም አስመዘገበች፤ ሰውዬው አቅማምቶ «ከመጣች ትፈተናለች፤ መምጣቷን ግን እኔ አላውቅም» አላት። መንገዱ ነው ችግሩ። ከግቢው በር እስከ ትምህርት ቤቱ ድረስ ፍተሻ አለ፤ ማን እንደሚያቆም፣ ምን እንደሚጠይቅ አይታወቅም። ጣሂራ ሳትፈልግ ነገሩን ለማቢዮር ነገረችው። ማቢዮር ዲንቃ ነው። ኛማል አጠገቡ ትቀመጥ በነበረ ጊዜ ቤት ሥራ ከእሷ ነበር የሚገለብጠው። ረጅሙን አንገቱን ደፍቶ ሰማትና «እኔ በዩኒፎርሜ ሄጄ አመጣታለሁ፤ እኔው እመልሳታለሁ። ማፊ ሙሽኪላ፣ ችግር የለም» አለ።

ጣሂራ ይህን ይዛ ሐሙስን ሳትጠብቅ ሄደች። የዚያን ቀን ድካሙ እንኳ ለቋት ነበር። ኛማል እስክትጨርስ አዳመጠቻት።

«ማቢዮር ጥሩ ሰው ነው» አለች። «መንገዱ ግን የእሱ አይደለም። እኔን ሊያወርዱኝ ቢሉ እሱም አብሮኝ ይወርዳል። አልሄድም ቲቸር።»

«ዓመቱን ሙሉ የለፋሽበት ነው እኮ! አንድ ቀን ነው፣ ኛማል። አንድ ጠዋት!»

«ወንድሜም የወጣው አንድ ጠዋት ነው።»

ጣሂራ ቁጣ መጣባት። በልጅቷ ላይ ይሁን በመንገዱ ላይ አታውቅም። «እንግዲያ ለምንድነው የምመጣው? ወገቤ እየተቆረጠ፣ ከባሌ እየተጣላሁ፣ ለምንድነው?» ብላ ጮኸች። ድንኳኑ ውስጥ ያሉት ሰዎች ዞረው አዩአት። ኛማል ውሃ በኩባያ ቀድታ ሰጠቻት፤ ጠጣች። ጎን ለጎን ተቀምጠው ቆዩ። ጣሂራ ስትነሳ «ሐሙስ እመጣለሁ» አለች።

የፈተናው ቀን ጣሂራ ፈታኝ ሆና ክፍል ውስጥ ተመደበች። የኛማል ወንበር ላይ ቁጥሯ በጠመኔ ተጽፏል። የጥያቄ ወረቀቱ ውስጥ ሩቱ ውስጥ ኤክስ ሲቀነስ ሦስት፣ ከውጭ ሲደመር ሁለት የሆነ ግራፍ ነበረበት። ማቢዮር ከኋላ ተቀምጦ በላብ ተጠምቋል፤ ስታልፍ ወረቀቱን በዓይኗ ሰረቅ አድርጋ አየች፤ መነሻውን ሦስት እና ሁለት ላይ አስቀምጧል። ጎበዝ። ማስመሪያ አልተጠቀመም። ባዶውን ወንበር እያየች እስከ ሰዓቱ መጨረሻ ቆመች፤ ሌላኛው ፈታኝ «ተቀመጪ እንጂ» ቢላትም አልተቀመጠችም።

በፈረንጆቹ 2015 መጀመሪያ ላይ የኛማል አክስት ከአዲስ አበባ የአውሮፕላን ቲኬት ላከችላት። ብስራት የድርጅቷን ሰዎች ለምና፣ አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ በመኪና የምትደርስበትን መንገድ አገኘች። በመጨረሻው ሐሙስ ኛማል አላስተማረችም፤ ልጅ የምታጠባውን ያቺን እናት ሰሌዳው ጋ አቁማ እሷ ከኋላ፣ ከጣሂራ አጠገብ ተቀመጠች። እናትየዋ ማይነሱን ከውጭና ከውስጥ አድርጋ ሁለቱንም ሳለች፤ አንዱ ወደ ታች፣ አንዱ ወደ ግራ። አልተሳሳተችም። ከትምህርቱ በኋላ ሁለቱ እስከ በሩ አብረው ሄዱ።

«ሰው ሁሉ ሲሄድ ያለቅሳል፤ እኔ ለምን አልመጣልኝም?» አለች ኛማል።

«ኋላ ይመጣልሻል። አሁን ደክሞሻል።»

«እርስዎስ?»

«እኔ እንቅልፍ ነው የሚመጣልኝ።»

ኛማል ጣሂራ ጁባ ከተመለሰች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅ አውጥታ ሳቀች። ተቃቀፉ። በዚህ ጊዜ የልጅቷ ክብደት ትከሻዋ ላይ አረፈ።

ከጥቂት ወራት በኋላ ከጋምቤላ ደወለች። አዲስ አበባ ቆይታ ዘመዶቿ ያሉበት መሄድ መርጣለች። ማስረጃ ስለሌላት ሁለት ክፍል ዝቅ አድርገው አስገብተዋታል፤ ከራሷ በብዙ ዓመት ከሚያንሱ ልጆች ጋር ትማራለች። «የሒሳብ አስተማሪያችን ሲደክመው ጠመኔውን ለእኔ ይሰጠኛል» አለች። ከዚያ ድምፅዋ ዝቅ አለ፤ «አለቀስኩ ቲቸር። ገበያ መሐል፣ ሽንኩርት እየገዛሁ። ሻጯ ሽንኩርቱ መስሏት ሌላ ልትቀይርልኝ ነበር።» እዚያ ላይ መስመሩ ተቆረጠ፤ ጣሂራ መልሳ ብትደውል አልገባላትም።

ሙደሲር ሚዛኑ ላይ ጎንበስ ብሎ ነበር። «ማን ነበር?» አላት።

«ኛማል ናት። ደህና ናት።»

«አልሐምዱሊላህ» አለና አጠገቡ የነበረውን ወንበር በእግሩ ወደ እሷ ገፋላት። ሱቁ በር ላይ ሦስት ሴቶች ዘይት ሊገዙ ቆመዋል፤ አንደኛዋ ጀሪካኗን ባንኮኒው ላይ አንኳኳች። «እኔ አለሁላቸው፣ አንቺ ተቀመጪ» አላት። ጣሂራ ተቀመጠች፤ ጫማዋን አወለቀች፤ እግሯን ስኳር ኬሻው ላይ ሰቀለች፤ ሙደሲር በአረብኛ ከሴቶቹ ጋር ሲከራከር እየሰማች ዓይኗን ጨፈነች። ማግሥቱ ሐሙስ ነው።